ሳይሞቅ ያቃጠለኝ

ይድረስ እህቴም አሳዳጊዬም ለሆንሽው ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ጉልበቴን ጉልበቴን የሚለው ባልሽስ ተሻለው? የእማዬ ዓይንስ? እኔ ቆዳዬን ካልቆጠርሽው ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ፣ ካቃጠለሽ ተይው፣ ሰው በገዛ ገላው ላይ እሳት ይጭራል ወይ ብለሽ አለቀስሽ። አሁን ረጋ ብዬ ልንገርሽ። ዕጢውን ከጡቴ ካወጡት በኋላ፣ የተረፈ ካለ እንዲጠፋ ብለው ነው ጨረር ያስጀመሩኝ። ማሽኑ ሥር ስተኛ ምንም አይሰማኝም፤ አይሞቅም፣ አይቆጠቁጥም። ዕድሜዬን ሙሉ ላውንደሪ ቤት ስተኩስ ኖሬ የማውቀው፣ ካውያ ሲነካሽ እዚያው መጮህ ነው። ይሄ ግን አድብቶ ነው የመጣው። ሳምንታት ቆይቶ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ አሳከከኝ፣ ብብቴ ሥር ተላጠ። ሐኪሟ እንዳለችው ጨረሩ ከሥር አዲስ ቆዳ የሚያበቅለውን ስለሚጎዳው፣ የላዩ ሲረግፍ ተተኪው ቶሎ አይደርስም።

ግማሹ ጥፋት ግን የገዛ እጄ ነው። የማሽኑ ባለሙያ ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ገላዬ ላይ በቀለም ያሰምራል። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ነጥብ አይቼ አላልፍም! ሐኪም ፊት ቆሽሼ አልቀርብም ብዬ በየማለዳው በሳሙናና በሻካራ ጨርቅ እፈትገው ነበር። ሰውዬው ደጋግሞ ሲያሰምር ከርሞ፣ እናቴ፣ እኔ ስጽፍ እርስዎ ሲያጠፉ ልንከርም ነው ወይ አለኝ። በሳቅ ሞትኩ። አሁን ለብ ያለ ውሃ፣ ሽታ የሌለው ቅባትና ሰፊ የጥጥ ልብስ ብቻ ነው።

ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን አሳረፉኝ። ቤት ስቀመጥ የአንቺ ለቅሶ እየመጣብኝ ልተወው ነበር። ፈርቻለሁ፣ እታለም፤ ምን እደብቅሻለሁ። ሐኪሟን ስጠይቃት ግን፣ ቆዳው ይድናል፣ እኔ የምፈራው ውስጥ ቀርቶ የሚያድገውን ነው አለችኝ። ስለዚህ ሰኞ ወደ ጨረሩ እመለሳለሁ። አትቆጪኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባልሽን፣ ጉልበትህ ከእኔ ገላ ይሻላል በይልኝ። ወሬኛውን የመጨረሻ ልጅሽን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ። ለሙሽራዋ ልጅሽ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፤ የሠርግ ቀሚሷን ተኩሼ የማለብሳት እኔ ነኝ። እስክመጣ ማንም ካውያ እንዳያስነካብኝ።

ታናሽሽ
ከላውንደሪው ፎቅ ላይ ካለችው ክፍሌ
ቅዳሜ፣ የካቲት 14