ከሶሌታው እስከ መሪጌታ መስኮት

ሐሙስ፣ ጥር 14

ከፋብሪካ በአሥራ አንድ ተኩል ወጣሁ። ሦስተኛው ሞተር ዛሬም ተቃጠለ። የጥገና ኤሌክትሪሺያኑ እኔ ስለሆንሁ ሁሉም እኔን እኔን ያየኛል። እኔ አቃጠልሁት? ያቃጠለውንማ አውቀዋለሁ… ዝም ይሻላል።

ቤት ስደርስ መሪጌታ ገድሉ በረንዳው ላይ ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። ግቢው የሳቸው ነው፤ እኔ የኋላዋን ክፍል ከተከራየሁ ስድስት ዓመቴ። "ዛሬ አራተኛ ሌሊቷ ናት" አሉ። ጨረቃን ነው። ደቅ ደሴት ላይ ባሕረ ሐሳብ ከተማሩበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ሌሊት ሳይስቱ ቆጥረዋታል። ዓይናቸው ግን እየሄደ ነው። ሐኪሙ ለልጃቸው ለፅጌ ማርያም ነግሯታል፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም። ትልቅ ነገር ከሆነ፣ በጣም ከተጠጉት፣ ለጊዜው ያያሉ።

"በዚያ በመነጽርህ አንዴ ባየኋት" አሉኝ። ከክፍሌ በላይ ባለው የሲሚንቶ ሶሌታ ላይ የተከልሁትን ቴሌስኮፕ ማለታቸው ነው። ፎቁ አላለቀም፤ ደረጃው መደገፊያ የለው፣ እሳቸው ጉልበት የላቸው። ካሜራ ገጥሜ ክፍልዎ ድረስ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ላምጣልዎ አልሁ።

"ፎቶ?" ፊታቸው ተኮሳተረ። "ፎቶማ ካላንደር ላይም አለ። እኔ አሁን ያለችውን ነው የምፈልገው። ስትሄድ ልያት።"

ቃል ገባሁ። ይቺ አፌ!

ዓርብ፣ ጥር 15

ከሶሌታው እስከ መስኮታቸው ለካሁ። አሥራ ሁለት ሜትር። የካሜራው የዩኤስቢ ገመድ አንድ ሜትር ተኩል ናት።

ዓባይ ማዶ፣ ደሞዝ የሚባል ሰው ሱቅ ሄድሁ። የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል። "ከአምስት ሜትር ካለፈ ተራ ገመድ አይሆንህም" አለ። "መሀሉ ላይ የሲግናል ማጠናከሪያ ያለው ነው የሚያስፈልግህ። አንድ ወጥ አሥራ አምስት ሜትር አለኝ፤ እሱን ውሰድ። መገጣጠሚያ በበዛ ቁጥር ችግር ይበዛል።"

ለምን አንድ ወጡን ብቻ ያሞግሳል? ሳይሸጥለት የከረመ ዕቃ ይሆናላ! ባለ ስድስት ሜትር ሁለት መረጥሁ፣ ማጠናከሪያ ያላቸው። አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይተርፈኛል። ደሞዝ ትከሻውን ነቅንቆ ጠቀለለልኝ። ለምን ዝም አለ?

ቤት ገብቼ ለካኋቸው። አምስት ሜትር ከዘጠና! አሥሯ ሳንቲ ሜትር የት ገባች? ጽሑፉንም በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ለቀቀ። አላልሁም?

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ገመዱን እስከ መስኮቱ ዘርግቼ ከቴሌቪዥኑ ጋር ባያያዝሁት ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ነው የሚውለው። ግቢያችን ሐይቅ ዳር ነው፣ ጤዛው አይታመንም፤ መገጣጠሚያውን በፌስታል ጠቅልዬ በናስትሮ ግጥም አድርጌ አሰርሁት። እኔ ቤት ሪሞቱም ፌስታል አለው፤ ሰባት ዓመት እንደ አዲስ።

ፅጌ ማርያም መስኮት ላይ ቆማ ታየኛለች። "አባቴን በብርድ አታስመሽብኝ" አለች። ደስ አላላትም። ለምን ይሆን?

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ጨረቃ ቴሌቪዥኑን ሞላችው! ጉድጓዶቿ ከነጥላቸው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ፅጌ ማርያም መሪጌታን ደግፋ አመጣች፣ አስቀመጠቻቸው፣ መስኮቱን ገርበብ አደረገች… መነጽራቸውን እስኪያጠልቁ ጥፍት። ነቅዬ ሰካሁ፣ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። ወይ ፍንክች።

"ተመለሰች?" አሉ መሪጌታ።

እሑድ፣ ጥር 17

ገመዶቹን አውርጄ እኩለ ቀን ላይ ክፍሌ ውስጥ ሞከርኋቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዴም አልተቋረጡም። ፌስታሉን ስፈታው ውስጡ ላብ ይዟል። የጤዛው ነው፤ ጠርጌ ሁለተኛ ፌስታል ደረብሁበት።

ቀን ይሠራል፣ ማታ ይሞታል። ማታ ምን አለ? ፅጌ ማርያም አለች።

ሰኞ፣ ጥር 18

ዛሬም! ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ልክ መስኮቱን ስትዘጋ። ወፍ ነክቶት ይሆን? ወፍ ሰዓት አይቶ አይመጣም። መሪጌታ ባዶ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው አመሹ። "ግድ የለህም ልጄ፣ ነገም አለች" አሉ። አንጀቴን በሉት።

ከመስኮቱ ፍሬም እስከ ገመዱ ቀጭን ነጭ ክር ወጠርሁ። ነካ ካደረገችው ይበጠሳል። ክፋት አይደለም… መጠንቀቅ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ማታ ሥዕሉ ጠፋ። ክሩ አልተበጠሰም። አይታዋለች ማለት ነው! ክሩን አይታ ነው የተጠነቀቀች።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ተናገርሁ። መሪጌታ ቴሌቪዥኑ ፊት እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በረንዳው ላይ ጠራኋት።

"ገመዱን የምትነካኪው ለምንድን ነው?"

"ምን አልህ?"

"መስኮቱን በዘጋሽ ቁጥር ይጠፋል።"

"ትንኝ እንዳይገባባቸው ነው የምዘጋው።"

"ሁልጊዜ ልክ በዚያች ደቂቃ?"

ወደ እኔ ዞረች። "አባቴን ጨረቃ የምነፍጋቸው እኔ? ሦስት ዓመት በእጄ ያጎረስኋቸው? ሂድ ክንዱ። ገመድህንም ሰብስብ። ከዛሬ ጀምሮ ጨረቃህን በዚህ መስኮት አታስገባትም።"

ሰበሰብሁ። ከነፌስታሉ ካርቶን ውስጥ ወረወርሁት። ምን አናደዳት፣ እውነት ካልሆነ?

እሑድ፣ ጥር 24

ሙሉ ጨረቃ። ሶሌታው ላይ ብቻዬን። ካሜራውን በአጭሯ ገመድ ሞከርሁ፤ አንዴም አልጠፋ። ታዲያ ምን ያደርግልኛል? እታች መስኮቱ ዝግ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ፅጌ ማርያም አባቷን ባጃጅ ላይ ስታሳፍር አየሁ። ዓይን ሐኪም ጋ። ሰላም አላለችኝም። እኔም አላልሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

መሪጌታ በረንዳ ላይ ነበሩ። በእግር ኮቴዬ ለዩኝ። "ክንዱ… ጨረቃዬስ ልጄ? ዛሬ እኮ አዲሷ ገና አንድ ሌሊቷ ነው፤ ብዙ የቆየን መሰለኝ።" ፅጌ ማርያም አልነገረቻቸውም። ምንም አልነገረቻቸውም! "አመጣታለሁ" ብዬ ሸሸሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ፤ ፅጌ ማርያም ካልሆነች ደሞዝ ነው። ካርቶኔን ታቅፌ ዓባይ ማዶ። ሱቁ ሰው ሞልቷል። እሰየው፣ ይስሙ!

"ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ ሸጥህልኝ!"

ደሞዝ አልተቆጣም። ገመዶቹን አወጣ። ፌስታሉን ሲያይ እጁ ቆመ።

"ይህንን ማን አሰረው?"

"እኔ።"

በምላጭ ቀደደው። አንዱን፣ ከሥሩ ሌላውን። የሻገተ ሽታ ወጣ። የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፤ ውስጡ ገና ርጥብ ነው። ከሐይቅ ዳር የሚመጣው ርጥበት ይገባል፣ ፌስታሉ አያስወጣውም አለኝ። ቀን ፀሐዩ ያተነዋል፤ ምሽት አየሩ ሲቀዘቅዝ ውኃ ሆኖ ጫፉ ላይ ይወርዳል።

"ሳታስረው ከጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ብታንጠለጥለው ምንም አይሆንም ነበር" አለ ደሞዝ። ከዚያ ቀስ ብሎ "ሥራህ ምንድን ነው ወንድሜ?"

ኤሌክትሪሺያን ነኝ አላልሁም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አንድ ወጡን ሰጠኝ። በጣቴ አሸሁት፤ ወፈር ያለ፣ ጽሑፉ የማይለቅ፣ ጫፉ ሲሰካ ቀጭ የሚል። አልለካሁትም።

እሑድ፣ የካቲት 15

ከቅዳሴ መልስ ፅጌ ማርያምን በር ላይ ጠበቅሁ። የተቀደደውን ፌስታል ይዤ ነበር። "ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያሰርሁትም እኔ፣ የጠረጠርሁትም እኔ።"

ፌስታሉን አላየችውም።

"በጥር ፊቴን ይለዩት ነበር" አለች። "መብራት አጠገብ ስቆም፣ ተጠግተው።"

"አሁንስ?"

"አሁን በድምፄ ነው የሚያውቁኝ።"

አቃጠለኝ። ሃያ አምስት ቀን። ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ሰው ሳማ፣ ክር ስወጥር… አጠፋሁ። አጠፋሁ።

ልትገባ ስትል ዞር አለች። "ገመዱን አምጣው። ዕለት ዕለት ይጠይቁኛል።"

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ገመዱን ያለምንም መገጣጠሚያ አወረድሁት። ፌስታልም የለ፣ ናስትሮም የለ። በመስኮቱ አስገባሁ። አንድ ሰዓት ላይ ጨረቃ ቴሌቪዥኑን ሞላችው።

መሪጌታ መነጽራቸውን አጠለቁ። ግንባራቸው የቴሌቪዥኑን መስተዋት እስኪነካ ተጠጉ። ቆዩ።

"መጣች እንዴ?" አሉ።

ከፊታቸው ነበረች። ፊታቸው በሷ ብርሃን በርቷል።

ፅጌ ማርያም አጠገባቸው ቁጭ አለች። "መጥታለች አባዬ።"

ጣታቸውን አጠፉ። "ሰባተኛዋ ናት። ግማሽ መሆን አለባት።"

"ግማሽ ናት። እኩል የተቆረሰች ዳቦ ትመስላለች። የተቆረሰችበት በኩል ሸካራ ነው… ጉድጓድ ጉድጓድ አለው።"

"ጉድጓዱ ጥላ አለው?"

"አለው። አንዱ ትልቅ ነው፤ መሀሉ ላይ እንደ እንብርት ጉብ ያለ ነገር አለ። ውይ አባዬ… ቀስ እያለች ወደ ጎን ትሄዳለች።"

"ትሄዳለች?" ሳቁ። እጃቸውን መስተዋቱ ላይ አሳረፉ። "እንዲያ ነው። እንዲያ ነው የምትሄደው።"

አለቀስሁ። እሷም። ድምጿን ግን አላሰማቻቸውም።

ከዚያ መሪጌታ "ክንዱ አለ?" አሉ።

"አለሁ መሪጌታ።"

"ምነው ዘገየህብኝ ልጄ?"

ፅጌ ማርያም ቀደመችኝ። "ገመዱ አስቸግሮት ነው አባዬ።"

ለሷ ውለታ ስል እንኳ እውነቱን መዋጥ አልቻልሁም። "የለም መሪጌታ። ገመዱስ ደህና ነበር። ልጅዎን ጠርጥሬ ነው የቆየሁ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።"

እጃቸው መስተዋቱ ላይ እንዳለ ነው።

"ትንኝ ነከሰኝ" አሉ በመጨረሻ። "መስኮቱን ዝጉት እስኪ።"

ፅጌ ማርያም ተነሣች። መስኮቱን ይዛ ገመዱን አየች፣ እኔን አየች።

"ልዝጋው?"

"ዝጊው" አልኋት።

ዘጋችው። ጨረቃዋ አልጠፋችም።