የዙፋን ትምህርትና የድሮው ኪኒን

ይድረስ ለአማቼ ለአስናቀው፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔና የእህትህ ልጅ ዙፋን በመድኃኔ ዓለም ቸርነት ደኅና ነን። እዚህ ሱዳን የገዳሪፍ ማሽላም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

ዙፋን በስደተኞች መጠለያው ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። ስለ ፍጥረታት አዝጋሚ ለውጥ ማስተማሯን ሰምተን ወላጆች ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተሰበሰብን። «ከእሱ ጋር እግዚአብሔር ዓለምን እንደፈጠረም ታስተምር፤ እምቢ ካለች ትውጣ» ብዬ መጀመሪያ የተናገርሁት እኔው አባቷ ነኝ። ባለሱቁ ሉጥፊ፣ «መምህርት፣ ዘርሽ ከጦጣ ከሆነ አባትሽ ይኸውና ተቀምጧል» ቢላት ሰው ሁሉ እኔን እያየ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «አባባ፣ ፈጣሪን አልካድሁም። ይህን ከተውሁ ግን ወባ እየተለወጠች የድሮውን ኪኒን ስለለመደችው ኪኒኑ እንደማያድን ለልጆቹ በምን አስረዳለሁ?» አለችኝ።

ነፍሷን ይማርና እህትህ እናኑ በወባ ስትታመም፣ የጤና ጣቢያው ወረፋ ታክቶኝ፣ ያን ኪኒን ከሱቅ የገዛሁላት እኔ ነኝ። ለአንተ አልጻፍሁልህም ነበር። ሞቷን የእግዜር ፈቃድ ነው ስል ኖሬአለሁ፤ አሁንም እላለሁ።

ተነሥቼ፣ «ፍጥረትን እኛ በየቤታችን እናስተምር፤ እሷ ትምህርቷን ትቀጥል» አልሁ። ሉጥፊ «ሰውዬው ተገለበጠ» አለ፤ ስብሰባው ግን በዚሁ ተበተነ።

ከዚያ ወዲህ ዙፋን ራት ስታቀርብልኝ ቀና ብዬ አላያትም። ትናንት ከእናኑ ሣጥን የተረፉትን ኪኒኖች አወጣሁና፣ «ለተማሪዎችሽ አሳዪያቸው፤ ለእናትሽ የገዛሁላት ይኸን ነበር» ብዬ መዳፏ ላይ አኖርሁላት።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ።

አማችህ ዘመኑ