ሞተሬን አደራ

ውድ ጉዲሳ፣

ደብዳቤ በ«ውድ» ይጀመራል ብለው ትምህርት ቤት ስላስተማሩን ነው እንጂ ለአንተ ሌላ ቃል ነበረኝ። በስልክ ያልነገርኩህ ስልክ ላይ ስለምትቀድመኝ ነው። ገና «ሃሎ» ሳልል «ባትሪው እንዴት ነው?» ትላለህ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ቁጭ በልና አንብብ፤ በዕድሜህ አንድ ነገር እንኳ እስከ መጨረሻው ጨርስ።

የሄድክበትን ቀን ላስታውስህ። ድሬዳዋ ለሦስት ወር ሥራ ነው ብለህ ቦርሳህን አንጠልጥለህ በሩ ላይ ቆምክ። እማዬ ጉንጭህን ስትስም አንተ በትከሻዋ አሻግረህ የቆርቆሮውን መጠለያ ታይ ነበር። «እማዬ፣ ሞተሬን አደራ» አልካት። ለእሷ ለራሷ «ቻው» ነበር ድርሻዋ። ሦስቱ ወር ይኸው አሥራ አራት ሆነ። አንተ ያቺን ቃል እንደ ዋዛ ጣል አድርገሃት ሄድክ። እማዬ ግን አደራ በላ ከምትባል ሞቷን የምትመርጥ ሴት ናት፤ ይህን ደግሞ ሳታውቅ ቀርተህ አይደለም።

መጠለያው ሶኬት የለውም። ሞተሩን ስትገዛ «መብራት አስገባለታለሁ» ብለህ ነበር፤ እንደ ሌላው ነገርህ ሁሉ ወሬ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ባትሪውን ቻርጅ ለማድረግ መጀመሪያ ከእማዬ መኝታ ቤት በመስኮት የኤሌክትሪክ ገመድ ሳብን። ግቢው የአራት ቤተሰብ ነው፤ ልብስ ይሰጣበታል፣ ልጆች ይሯሯጡበታል። ክረምቱ ሲገባ ጎረቤታችን ጋሽ ወልደጊዮርጊስ «ይሄ ነገር ሰው ይገድላል» ብለው ገመዱን ነቀሉት። አንተ ይህን ስትሰማ «ሽማግሌው ሞተሬ ላይ ዓይኑን ጥሏል» አልክ። በልጅነትህ ትኩሳት ሲጥልህ አዝለው ጤና ጣቢያ ያደረሱህን ሰው።

ከዚያ መመሪያህ መጣ። ቅዳሜ ባትሪው ይፈታል፣ ቤት ገብቶ ቻርጅ ይደረጋል፣ እሁድ ተመልሶ ይገጠማል። ለምን? አላርሙ ያለ ባትሪ ስለማይሠራ። አላርሙ ለምን? ጎረቤት ሌባ ስለሆነ። የሚሰርቅ ጎረቤት ጠፍቶ አላርምህ ራሱ ባትሪውን ሲበላ ከረመ። ድመት ባለፈች ቁጥር ይጮሃል፤ እማዬ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጥታ «በቃ፣ ዝም በል ልጄ» ትለዋለች።

እኔ ቅዳሜ ጦር ኃይሎች ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ላይ ነኝ። ማታ ስመለስ እኔ አወጣዋለሁ ብላት አሻፈረኝ አለች። አደራው የተሰጠው ለእሷ ነው። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷንም ታውቀዋለህ። አፈታቱን ያስተማሯት ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ናቸው፣ ማለቴ ሌባህ። ጥቁሩ ሽቦ መጀመሪያ፣ ቀዩ ቀጥሎ፤ እየደጋገመች ለራሷ ስትናገር እሰማት ነበር። ከዚያ ያን ከባድ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፋ ግቢውን ታቋርጣለች።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቅዳሜ እርጥቡ ድንጋይ አንሸራተታት። ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል። እማዬ አልዘረጋችም፣ እጇ ላይ ባትሪው ነበር። ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘችው በጎኗ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ሊያነሷት ሲሮጡ መጀመሪያ ያለቻቸው «ባትሪውን ተቀበሉኝ» ነው።

ከሆስፒታሉ ኮሪደር ደወልኩልህ። እማዬ ባትሪውን ይዛ ወድቃ ተሰበረች አልኩህ። ዝም አልክ። እኔ ሞኟ፣ እያለቀሰ ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ከዚያ ድምፅህ መጣ።

«አሲዱ ፈሰሰ እንዴ?»

እስከዚያች ቀን እናደድብህ ነበር ጉዲሳ። ከዚያች ቀን ወዲህ አልናደድም፤ እንቅሃለሁ። በኋላ «ደንግጬ ነው» ብለህ ጻፍክልኝ። የደነገጠ ሰው አውቶቡስ ይሳፈራል።

እማዬ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ባትሪውን ጥሩነህ ጋ ወሰድኩት፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ ሞተር የሚጠግነው ልጅ ነው። የቅዳሜና እሁዱን ሥርዓት ስነግረው መፍቻውን አስቀምጦ አየኝ። ለምን መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ፣ የሚጨርሰው አላርሙ አይደል እንዴ፣ ፈታችሁ ቤት ብታስቀምጡት በወር አንዴ ቻርጅ ይበቃው ነበር አለኝ። ባለቤቱ ነው ያዘዘው አልኩት።

«ባለቤቱ ሞተር ያውቃል?»

በወሬ ማንም አይችለውም አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን እማዬ ግቢውን ያቋረጠችባቸውን ቅዳሜዎች ሁሉ እያሰብኩ መሳቅ አቃተኝ።

እዚህ ሰፈር ሲመሽ መብራት እንደሚጠፋ ታውቃለህ። እማዬ አሁን በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ በጨለማ ባኞ ቤት ስትሄድ ደግማ ብትወድቅ መነሳት የለም ብሎኛል ሐኪሙ። ጥሩነህ ከባትሪህ ላይ አንዲት ትንሽ አምፖል ቀጠለልኝ። ባትሪህ ዛሬ ከአልጋዋ ራስጌ፣ ሶኬቱ አጠገብ ነው። መብራት ሲኖር ይሞላል፣ ሲጠፋ ያበራላታል። መጀመሪያ «የሰው አደራ አልነካም» ብላ ፊቷን አዞረች። ጉዲሳ ደውሎ ፈቅዷል ብዬ ዋሸኋት። ፊቷ በራ። «እኔ እኮ አውቀዋለሁ፣ ልጄ ሆደ ቡቡ ነው» አለችና ሁለት እጇን ዘርግታ መረቀችህ፤ ረጅም ምርቃት። አሜን ማለት ነበረብኝ፣ አልኩም። በእኔ ውሸት ያገኘኸውን ያን ምርቃት ነው ይቅር ልልህ ያልቻልኩት።

ሞተርህ እንደቆመ ነው፣ ማንም አልነካውም። አላርሙ ዝም ብሏል፣ ድመቶቹም አርፈዋል። ጥሩነህ ያለ ባትሪም በእርግጫ ይነሳል ብሎኛል። አንተንም ከእርግጫ ሌላ የሚያስነሳህ ስላላገኘሁ ይህን ደብዳቤ እንደ መጀመሪያው ቁጠረው።

ባትሪህን ከፈለግህ ግን ራስጌዋ ድረስ ና። በገዛ እጅህ ፍታው። ጥቁሩን መጀመሪያ፣ ቀዩን ቀጥሎ፤ ከጠፋብህ እማዬ ታሳይሃለች። ስትፈታው መብራቷ ይጠፋል። ዓይኗን እያየህ አጥፋው።

አደራህን የበላችው እህትህ
ሌሊሴ
ቀራንዮ