ስሟ ያልተነገረን ኮፍያ

ረቡዕ፣ ሞጣ

ቀዩን ሹራብ ነው የያዝኩት። አጎቴ አዲሱ ከሉማሜ ደውለው "ጥቁር ልብስ እንዳትይዢ፣ ዓይንሽንም ታጥበሽ ግቢ" አሉኝ። ዓይን በውኃ የሚጠራ መስሏቸዋል።

ትናንት ማለዳ ባለቤቴ የሰፈር ሽማግሌዎች ይዞ መርዶዬን ነገረኝ። ይበልጣል ሞቷል። ታናሼ፣ አንድ ወንድሜ። አዲስ አበባ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ተኛ፣ ትርፍ አንጀቱ ፈነዳ፣ በቃ። መንገዱ ተዘግቶ ስለሰነበተ አስከሬኑን ዓባይን አሻግሮ ማምጣት አልተቻለም። የሚስቱ ዘመዶች እዚያው ቀበሩት። አፈር እንኳ አላለበስኩትም።

ቢቸና ያሉት አባዬ ግን አልሰሙም። ደም ብዛት ስላለባቸው ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገራቸው ተብሏል። ቀኑ የተቆረጠው ለቅዳሜ ማለዳ ነው። እስከዚያ አጠገባቸው ሆኜ ስልካቸውን የምጠብቀው፣ ከጎረቤት አፍ የማድናቸው እኔ ነኝ። እኔ! ያሰብኩት ሁሉ ፊቴ ላይ የሚነበብብኝ ሴት።

የፎቶ ኮፒ ቤቴን ዘግቻለሁ። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ። የያዝኩት፦ ቀይ ሹራብ፣ የአባዬ የደም ብዛት ኪኒን፣ የጾም ሽሮ፣ ውሸት።

ሐሙስ፣ ቢቸና

አባዬ "ዱቄቴ" የምንላትን ኮፍያቸውን አጥልቀው በር ላይ ጠበቁኝ። ሳሙኝና "ምነው ፊትሽ አበጠ?" አሉ። "መንገዱ አቧራ ነው" አልኩ። ለጊዜው አለፈ።

የኮፍያዎቹን ስም እዚህ ልጻፈው። ሁሉንም ያወጣው ይበልጣል፣ ይቤያችን፣ ነው፤ ከእንግዲህ የሚያስታውሰኝ የለም። ሁሉም ጠፍጣፋ፣ ከፊታቸው አጭር ጥላ ያላቸው የድሮ ሰው ኮፍያዎች ናቸው። ዛሬ ቢቸና ውስጥ እንዲህ ያለ የሚያደርግ በጣት ይቆጠራል።

ዱቄቴ። አባዬ ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ፀጉራቸው ውስጥ ዱቄት እንዳይገባ ያደርጓት የነበረች። ሰማያዊ ናት ይላሉ፤ ሰማያዊነቷን ያየ ሰው ግን የለም። ይቤ ገና አፉን ሲፈታ ነው ስሟን ያወጣላት።

ስንት አልክ። ግራጫዋ፣ የገበያ።

አንተም ተው። ቡናማዋ፣ የሽምግልና። አባዬ እሷን አጥልቀው ከወጡ ሰፈሩ "ዛሬ እነ እገሌ ሊታረቁ ነው" ይላል።

በሞቴ። የድግስ። ጉርሻ ሲበዛባቸው ዓይናቸው ላይ ዝቅ የሚያደርጓት።

እግዜር ያጥናችሁ። ጥቁሯ ሱፍ። የለቅሶና የመርዶ ናት። ቢቸና ላይ መርዶ የሚነገር ሲኖር መጀመሪያ የሚጠሩት አባዬ ናቸው። ማለዳ እሷን አጥልቀው ሲያልፉ ሴቶች በር ላይ ቆመው ወዴት እንደሚታጠፉ ያያሉ። ካለፏቸው ያማትባሉ።

አንዲት ደግሞ አለች፣ ስም የሌላት። ይበልጣል በጥምቀት ሰሞን የላካት፣ ዳማ ዳማ፣ እንደ ዳማ መጫወቻ ባለ ካሬ። ገና ከላስቲኳ አልወጣችም። ይቤ በስልክ "ስሟን አውጥቼላታለሁ፤ ግን በስልክ አይነገርም። ለፋሲካ ስመጣ ፊት ለፊት ነው" ብሏቸዋል። እሳቸውም ስሟን ሳልሰማ አላደርጋትም ብለው ሰቅለዋታል።

ገና ቁጭ ሳልል ጠየቁኝ። "ይቤ ስልክ አያነሣም። ላንቺ ነግሮሻል? ማን አላት?"

"ኔትወርክ የለም እኮ አባዬ።"

"አሁን ያንቺ ሲጮኽ አልነበር እንዴ?"

"የሞጣ መስመር ሌላ ነው" አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ከሰዓት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀው ገቡ። ዓይኔን አፈጠጥኩባቸው። ደንግጠው ገለበጡትና "አርጅቼ ልብስ መልበስ ጠፋኝ" አሉ። አባዬ ሳቁ። ይኸው፣ የዛሬዋ ድሌ ይህች ናት።

ሲስቁ ይቤን ይመስላሉ። ጓዳ ገብቼ የሹራቤን እጅጌ ነከስኩ።

ዓርብ

ዛሬ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው እንጃ።

አያ ሞላ መጡ። የአባዬ አብሮ አደግ ናቸው። ለነገ የተመረጡት እሳቸው እንደሆኑ አውቃለሁ። ሌላ ማን አለ? የአገሩን መርዶ ሁሉ የሚናገሩት ራሳቸው አባዬ ናቸው። አያ ሞላ በዕድሜያቸው አንድ መርዶ ተናግረው አያውቁም፤ ሙሾ ገና ሲጀመር እንደ ሴት የሚንሰቀሰቁ ሰው ናቸው።

ቁጭ አሉ፣ ተነሡ፣ መልሰው ቁጭ አሉ። በመጨረሻ "ውበቱ፣ ያችን ጥቁሯን ኮፍያህን አውሰኝ" አሉ።

ምስር እየለቀምኩ ነበር። እጄ እዚያው ቀረ።

"ማን ሞተ?" አሉ አባዬ።

"የሩቅ ሰው ነው፣ አታውቀው። አባትየው አልሰማም። እኔ ላይ ጣሉት።"

"ልጅ ነዋ የሞተው?"

"ልጅ ነው።"

"ወንድ?"

"ወንድ።"

አባዬ በረጅሙ ተነፈሱ። "እኔ ልሂድልህ ሞላ። አንተ አትችለውም፤ ገና ደጃፉ ላይ ታለቅሳለህ።"

"አንተ ደም ብዛት አለብህ። ኮፍያዋን ብቻ ስጠኝ። እሷን ካደረግሁ ትንሽ ይቀለኛል።"

አባዬ ከሚስማሯ አወረዷት፣ በክንዳቸው ጠረጓት፣ አያ ሞላ ራስ ላይ በገዛ እጃቸው አደረጉላቸው። ትንሽ ትሰፋቸዋለች። ከዚያ ማስተማር ጀመሩ።

"ማለዳ ነው የምትሄድ። ሰው አቅም ያለው ማለዳ ነው። ቁሞ አይስማ፣ መሬት ይቀመጥ። ከኋላው የሚይዘው ጠንካራ ሰው ይኑር። 'ታሟል፣ ደክሟል' እያልህ አትዙርበት፤ ተስፋ ሰጥቶ መንጠቅ ኃጢአት ነው። ኮፍያዋን እንዳጠለቅህ ግባ፤ ፊቱ ስትደርስ አውልቃት። ያን ጊዜ ይገባዋል። 'ልጅህ' አትበለው፣ ስሙን ጥራለት። ልጁ ስም አለው።"

"አፌ ቢያዝብኝሳ?"

"ካወለቅህ ግድ የለም። የቀረውን ራሱ ይለዋል።"

አያ ሞላ ኮፍያዋን እስከ ቅንድባቸው ሳቧት። አባዬ ትንሽ አሰቡና "ለነገሩ አብሬህ እሄዳለሁ። አልናገርም፤ ከኋላ ሆኜ አባትየውን እይዘዋለሁ። ከየት ነው የምትነሡ?" አሉ።

አያ ሞላ እኔን አዩኝ። እኔ ምስሩን አየሁ።

"ከዚሁ፣ ካንተ ቤት" አሉ።

ይህን መርዶ የሚባል ልማድ ማን እንዳመጣው ባገኘው እጣላው ነበር። ሰው እንዳይደነግጥ ተብሎ በሰው ላይ እንዲህ ይሠራል? ግን ፊታቸው ቆሜ አሁኑኑ ልንገራቸው ብል እኔም አልችልም። ማለዳ ሽማግሌ ባይከበኝ ኖሮ ማክሰኞን አልሻገራትም ነበር። ይህንንም አውቃለሁ።

ቅዳሜ

ተነገረ።

ስነሣ አባዬ ቀድመውኝ ታጥበዋል። ጋቢያቸውን ደርበው፣ "አንተም ተው"ን አጥልቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ጥቁሯን አውሰዋታላ።

መጀመሪያ አጎቴ አዲሱ ገቡ፣ ከኋላቸው ባለቤቴ። አባዬ "አዲሱ! አንተም ለዚያው ነው የመጣህ?" አሉ። አጎቴ ጉልበታቸውን ሳሙ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገቡ። በመጨረሻ አያ ሞላ፣ ያችኑ አጥልቀው።

"ደረሳችሁ? በሉ እንሂድ" አሉ አባዬ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"ትንሽ ቁጭ እንበል" አሉ አጎቴ።

"ምን ያስቀምጠናል? ፀሐይ ሳትወጣ ነው እንጂ።"

ባለቤቴ ቀስ ብሎ ከአባዬ ኋላ ቆመ። አባዬ ዘወር ብለው አዩት። እጆቹን አዩ። ከዚያ አያ ሞላን አዩ።

አያ ሞላ ኮፍያዋን አወለቁ። አፋቸው ተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ስሙን ሊጠሩ ይታገላሉ።

"ይበልጣል?" አሉ አባዬ።

አያ ሞላ ኮፍያዋን ደረታቸው ላይ ያዟት።

"ይበልጣል ውበቱ?"

አያ ሞላ አዎ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። አባዬ ማንም ሳያስቀምጣቸው መሬት ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ሥር አኖሯት። ከዚያ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ከረቡዕ ጀምሮ የያዝኩት ሁሉ ባንዴ ወጣ። እትዬ ብርቄ ጩኸቴን ሰምተው በአጥሩ በኩል መጡ፤ ነጠላቸው ዛሬ እንደሚገባው ተዘቅዝቋል።

እሑድ

ድንኳኑ ሙሉ ነው። ከሉማሜም ከአምበርም ሰው መጥቷል። ስንቱ ሰው፣ አባዬ መርዶ የነገሩት፣ ዛሬ ብድሩን ሊመልስ መጥቶ ፊታቸው ያለቅሳል።

እሳቸው ራሳቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል። አናታቸውን በቀን ብርሃን አይቼው አላውቅም ነበር። ፊታቸው ጠቁሮ፣ ከኮፍያዋ መስመር በላይ ያለው ቀላ ብሎ የሌላ ሰው ቆዳ ይመስላል። በነጠላዬ ልሸፍነው ፈለግኩ።

አያ ሞላ ከድንኳኑ ጥግ፣ ከሰው ኋላ ተደብቀው ነበር። አባዬ አስጠሯቸው።

"ሞላ፣ እንደነገርሁህ አደረግህ። አልዞርህብኝም።"

አያ ሞላ ኮፍያዋን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ዘረጉላቸው። አባዬ አልተቀበሉም።

"አንተ ጋ ትቅር። ከእንግዲህ የሰው ደጅ ሄጄ ይህን የምል አንጀት የለኝም።"

ማክሰኞ

ድንኳኑ ፈርሷል። ባለቤቴ ወደ ሞጣ፣ ወደ ልጆቹ ተመለሰ። አባዬ ኪኒናቸውን በሰዓቱ ውጠዋል፣ ትንሽ አጥሚት ጠጥተዋል። ኮፍያ ግን የለም። እትዬ ብርቄ "ብርድ ይመታዎታል" ብለው ሻሽ አምጥተው ነበር፤ በዓይናቸው መለሷቸው።

የይቤ ሚስት ሰናይት ደወለች። መንገዱ ቢከፈት ለአርባው እመጣለሁ አለች። ተላቀስን። ከዚያ ስለ ኮፍያዋ ጠየቅኳት። ስሟን ታውቂው እንደሆን ብዬ።

"አልነገረኝም እኮ እታለም" አለች። "ብቻውን እያሰበ ይስቅ ነበር። ንገረኝ ስለው፣ መጀመሪያ ለአባዬ ብሎ እምቢ አለኝ።"

ይዞት ሄደ ማለት ነው።

ለአባዬ ልንገራቸው አልንገራቸው ስል ዋልኩ። በኋላ ውሸት በቃኝ ብዬ ነገርኳቸው። እኔም ድፍረት አግኝቼ "ዓርብ ዕለት ጠርጥረው ነበር?" አልኳቸው።

"ከየት እንደምንነሣ ስጠይቀው ምስሩን አየሽ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉን?"

"አንድ ሌሊት ልጅ ይኑረኝ ብዬ ነዋ" አሉ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ዓርብ

ዛሬ ወደ ሞጣ እመለሳለሁ። ልጆቼ ናፍቀውኛል፣ ሱቁም ተዘግቶ ሰነበተ። ሆዴ ግን እዚሁ ነው። አጎቴ እስከ አርባው አብረዋቸው ይቆያሉ። ትናንት ለዚያች ኮፍያ አንድ ስም ላውጣላት ብዬ ስሞክር ዋልኩ፤ አንዱም አያስቅ፣ አንዱም አይነካ። የይቤን አፍ አልታደልኩም። ለአባዬም ሳልናገር ተውኩት።

ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አባዬ "ቆይኝ፣ እስከ መናኸሪያው ልሸኝሽ" ብለው ወደ ውስጥ ተመለሱ። ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ሲወጡ ዳማ ዳማዋን አድርገዋል። ጥላዋ ገና ደረቅ ነው፣ አልታጠፈም። ልክ ናት፤ ይቤ የራሳቸውን ልክ ያውቅ ነበር። የጋቢያቸውን ጫፍ አስተካከልኩ።

በር ላይ እትዬ ብርቄ አገኙን። የአባዬ ራስ ተሸፍኖ በማየታቸው ደስ አላቸው መሰለኝ። አዲስ ኮፍያ ሲያዩ ሁልጊዜ የሚጠይቁትን፣ ሳያስቡት ጠየቁ።

"ይቺ ደግሞ ማን ትባላለች?"

ጥያቄው ካፋቸው ከወጣ በኋላ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አባዬ ኮፍያዋን በሁለት እጃቸው ቀና አደረጉ።

"ስም አላት" አሉ። "እኛ አናውቀውም እንጂ።"

ቦርሳዬን ከእጄ ተቀበሉኝና ቀደሙኝ።