ከሻንጣሽ የሠራሁት የቡጢ መለማመጃ

ለእትዬ ወርቅዬ፣

ይህቺ ወረቀት አንቺንም ቤቱንም በጤና ታግኝልኝ። እኛ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኬኒንግተን ሰፈር፣ ብርዱን ካልቆጠርነው፣ ደኅና ነን።

ዘንድሮ ቦክስ ጀመርኩልሽ! ከምርጫው ማግስት ከአገር ስወጣ ያሸከምሽኝን የሸራ ሻንጣ ታስታውሻለሽ? አሮጌ ልብስ በእግሬ እየረገጥኩ ጠቀጠቅኩበት፣ መሐሉ ላይ አሸዋ የሞላሁት ካልሲ ከተትኩ፣ በሰንሰለት ከኮሪደሩ ጣሪያ አንጠለጠልኩት። ያኔ ውስጡ የፈሰሰው በርበሬሽ ግን እስከ ዛሬ ከስፌቱ አልለቀቀም፤ ስመታው ይቦንና ያስለቅሰኛል። ጎረቤቴ ደረጄ «ሰይፉ፣ ደግሞ አንተን ማን አስለቀሰህ?» ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ «በርበሬው ነው» አልኩት።

ቦታውማ በሽ በሽ ነው። ቃልኪዳን ልጆቹን ይዛ ኪልበርን እህቷ ዘንድ ከሄደች ሦስት ሳምንቷ ነው። የመኝታ ቤቱን በር በአዲስ ቀየርኩት፤ ቀለም ብቻ ይቀረዋል። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ትንሿ ልጄ ማሚቱ እጄን ስዘረጋላት ከእናቷ ኋላ ተሸሸገች። ለሰላምታ ነበር የዘረጋሁት፣ እትዬ።

ቃልኪዳን የአንቺን ስልክ ታነሳለች። ስትደውዪላት ሻንጣውን እንደሰቀልኩ፣ ጠዋት ማታ እሱን ብቻ እንደምመታ ንገሪልኝ።

ጉልበትሽን ከሩቅ የምስም ወንድምሽ፣
ሰይፉ