ከጅማ የመጣው የሣራ ውጤት

ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለትዝታ፣ ቤይሩት

እንደምን ከረምሽ ብዬ ለመጀመር እጄ አልታዘዝ አለኝ። ዘይቱና ነገ ወደዚያ ስለምትመለስ ይህን ይዛልሽ ትመጣለች። ባለፈው በስልክ «ልጄን ምን ገደላት?» ስትይኝ መስመሩ አልተቋረጠም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሣራን ያተኮሳት ማክሰኞ ነው። ከጎረቤታችን ከአስካለች ቤት ጎደሬ በልታ ነበርና ሲያስመልሳት ሆዷ ነው አልኩ። በማግስቱ ወባ መስሎኝ ካምና የተረፈውን ኪኒን ሰጠኋት። ሐሙስ አንገቷን ማዞር አቃታት። አርብ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳት፤ ከሰዓት በኋላ አረፈች።

ወንድምሽ ሚካኤል እዚያው ግቢ ውስጥ አስካለች መርዝ አብልታታለች አለ። ዶክተር ረድኤት ሰምታ ወደ እኔ መጣች። «ከጀርባዋ ትንሽ ፈሳሽ፣ ደምም በመርፌ እንውሰድ። የገደላትን ካወቅን ለታናሽ ወንድሟም ይጠቅማል» አለችኝ። ሚካኤል ሬሳ አይነካም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ፈረምኩ። አንቺን ሳልጠይቅ ነው፤ ይቅር በይኝ። ናሙናውን ሲወስዱ እግሯን ይዤ ነበር። ገና አልቀዘቀዘችም።

ናሙናው ጅማ ሄዶ ውጤቱ እስኪመጣ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። አስካለች ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ከደጅ መለሷት። ገበያም ሰላም የሚላት ጠፋ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ትናንት ዶክተሯ አስጠራችኝ። ማጅራት ገትር ነው። ጀርሙ በፈሳሹም በደሟም ተገኝቷል፤ ከምግብ የመጣ አይደለም። ታናሽ ወንድሟን ይትባረክን ዶክተሯ በጥርጣሬ የመከላከያ መድኃኒት ያኔውኑ ስላስጀመረችው ደህና ነው፤ ስለ እሱ አታስቢ። ሣራ በመርፌ መድኃኒት ትድን እንደነበር ጠየቅኳት። ካርዱን እያየች፣ «ቶሎ ከመጡ ብዙዎቹ ይድናሉ» አለች።

ወረቀቱን ይዤ አስካለች ቤት ሄድኩና አነበብኩላት። እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ።

«እኔ መርዝ እንዳላበላኋት አውቅ ነበር» አለች። «አንተም ታውቅ ነበር።»

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ለሚካኤል በሽታ ነው ብቻ አልኩት። ስንት ቀን ታመመች ብሎ ጠየቀኝ፤ ሳልመልስለት ወጣሁ።

ቀኖቹን አንቺ ከላይ አንብበሻቸዋል። ደግሜ መጻፍ አልቻልኩም።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናው፣ በሰው አገር ብቻሽን አይተውሽ። ኮንትራትሽን ስትጨርሺ ለይትባረክ ስትይ ነይ።

የሣራ አባት
አዲሱ