በሞጣ የማይበርድ ማዕበል

ሞጣ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአብዱልዋሂድ፣
ፊጂ ደሴት፣ መርከብህ ቆሞ ካለበት ወደብ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ሰላምታዬ ያንን ሁሉ ውኃ ተሻግሮ ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ክረምቱ ቶሎ ስለገባ ገበያው ጭቃ ሆኗል፤ ጨርቅ የሚገዛም የለም። በስልክ ብጽፍልህ አይተህ ዝም ስለምትል በወረቀት ጻፍኩልህ። ወረቀቱን አንብበህ ዝም ብትል ቢያንስ አላይህም።

ይህን የሚያመጣልህ ሙሐመድሸሪፍ ነው። አዎ፣ እዚያው መርከብ ላይ አብሮህ ሞተር የሚጠግነው የቢቸናው ልጅ። አንተ "ማዕበሉ ስለከበደ መርከቡ ወደብ አልገባም፣ ለአረፋ አልደርስም" ብለህ ድምፅህን በላክህልን ሳምንት፣ እሱ ቢቸና እናቱ ቤት በግ ያርድ ነበር። ሱቅ መጥቶ ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። "አብዱልዋሂድን ፈቃድ ከልክለውት ነው?" አልኩት። "አልጠየቀም" አለኝ።

እሱ ባይነግረኝም አውቅ ነበር። ባሕር ከወጣህ ጀምሮ የደሴቶቹን የአየር ትንበያ በስልኬ ሳላይ ውዬ አላውቅም። ባሕር በዓይኗ አይታ የማታውቅ የሞጣ ሴት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የማዕበሉን ከፍታ፣ ለትንንሽ ጀልባ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ለመድኩት። የሱቅ ጎረቤቶቼ "ሂዳያ፣ ዛሬ ፊጂ ዘነበ ወይ?" እያሉ ይቀልዱብኛል። የአረፋ ሰሞን ነፋሱ ቀላል፣ ባሕሩም የተኛ ነበር።

እናትህ ይህን የሚያውቁ አልመሰለኝም ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ መስገጃቸው ላይ እንደተቀመጡ "ልጄ ያለበት ባሕር እንዴት ዋለ?" ይሉኛል። መጀመሪያ ያየሁትን አነብላቸው ነበር። መቅረት ስታበዛ ግን "ባሕሩ ጸጥ ብሏል" ማለት "ልጅዎ መምጣት አልፈለገም" ማለት ሆነብኝ። ስለዚህ ማዕበል ማንበብ ጀመርኩ። እዚያ ፀሐይ ሲሆን እዚህ ቤት ነፋስ ነው። እሳቸውም ይጾሙልሃል፤ ጎረቤት ሰብስበው ንፍሮ እያበሉ ዱዓ ያስደርጉልሃል። ለሌለ ማዕበል ስንት ሰው አሜን እንዳለ ብታይ ታፍር ነበር።

ትናንት ሰለቸኝ። እናትህ አቅም አጥተዋል፤ ለውዱእ ለመታጠብ እንኳ ደግፌ ነው የማስነሣቸው። በዚህ ላይ ደግሞ ሊጾሙልህ ነው። እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ ብዬ፣ "እማ፣ ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ከአረፋ በፊት ጀምሮም እንደዚያው ነው" አልኳቸው።

የሚቆጥሩትን ተስቢሕ መስገጃው ላይ አኖሩት።

"ሙሐመድሸሪፍ መምጣቱን እኮ ባረፋው ማግሥት ሰምቻለሁ" አሉኝ።

"ታዲያ ዱዓውን ለምን ያስደርጋሉ?"

"ልጄ ምን ሆኖ ቀረ ልበል? አንቺስ ለእኔ ብለሽ መሆኑን የማላውቅ መሰለሽ? ነገም ማዕበል ነው በይኝ። ጮክ ብለሽ፤ ጎረቤት ይስማ።"

ዛሬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ብርቱ ነፋስ፣ ከባድ ማዕበል፣ ከወደብ የሚወጣ መርከብ የለም። "አላህ ያውጣው" አሉ። የተሰበሰቡት ሴቶችም አሜን አሉ። እኔ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ።

የእኔን ነገር ተወው። ተናድጄብሃለሁ፣ ይህንንም አልደብቅህም፤ ግን የእኔን ሽማግሌ ተቀምጦ ይጨርሰዋል። የእናትህን ማንም ተቀምጦ አይጨርሰውም። ይህን ክረምት መውጣታቸውን እንጃ። ከሞቱ በኋላ ብትመጣ እንደ ማዕበሉ ፈጥሬ የምነግርህ ወሬ የለኝም።

አላህ ከእውነተኛው ማዕበል ይጠብቅህ። ሪዝቅህን ያስፋልህ። እናትህ መርቀውሃል፤ እንደ ወትሮው።

ጠዋት ያየሁት ትንበያ ይህ ነው፦ ነፋሱ ቀላል፣ ባሕሩ የተኛ፣ እስከ ሳምንቱ መጨረሻም መንገዱ ክፍት ነው።

ሂዳያ